ለትንሽ ሞተር ልኩ የሆነው ቱርቦ

(የፕሮግራሙ መለያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ ተሰምቶ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቱርቦ ነው። ቱርቦ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ የከባድ መኪና ሹፌሮችማ ፉጨቱን ከሩቅ ትለዩታላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መጠኑ ነው። ባለ 1.3 ሊትር የቤንዚን ሞተር የያዘች፣ በየመንገዱ የምናያት ዓይነት ትንሽ መኪና አለች እንበል። ለዚህች መኪና ቱርቦ ይገጠምላት ቢባል ልኩ ስንት ነው? ትልቁ ይሻላታል ወይስ ትንሹ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ነው የምንጀምረው። «ስንት ፈረስ ጉልበት ይጨምርልኛል?» እንላለን። ገና ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የቱርቦ ልክ የሚወሰነው መኪናዋ ውሎዋን በምታሳልፍበት የሞተር ዙርና በምትነዳበት ከፍታ ነው። ትልቁ የጉልበት ቁጥር ተከትሎ ይመጣል። ልድገመው፦ መጀመሪያ ዙሩና ከፍታው፣ ቀጥሎ ጉልበቱ። ይህን የምለው ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው፤ ተቃውሞ ያላችሁም ትኖራላችሁ፣ እሱንም አንሸሸውም።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

አቅራቢ፦ ሥራውን በአጭሩ እናስታውስ። ከሞተር የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ ወደ ማርሚታ ከመሄዱ በፊት ተርባይን የሚባለውን መዘውር ያሽከረክራል። ተርባይኑ በአንድ ዘንግ ከሌላ መዘውር ጋር ተያይዟል፤ ይኼኛው ኮምፕረሰር ይባላል። ኮምፕረሰሩ አየር በፊልትሮ በኩል ይስብና ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ይልካል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ቱርቦ ሁለት ወገን አለው፤ የጭሱ ወገን ተርባይኑ፣ የአየሩ ወገን ኮምፕረሰሩ። «ቱርቦው ትልቅ ነው» ስንል የትኛውን ወገን ማለታችን ነው? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፣ ከፍታውን ስናነሳ እንመለስበታለን።

አሁን የ1.3 ሊትሩን ሞተር የአየር ፍላጎት እናስላ። ወረቀት አያስፈልግም። የመኪና ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ነው ሙሉ ይዘቱን አየር የሚስበው። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሮጥ 1,500 ጊዜ ይስባል ማለት ነው። 1,500 ጊዜ 1.3 ሊትር፣ ወደ 2,000 ሊትር ይጠጋል። ባልቮላዎቹ የሚከፈቱበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ አይሞላም፤ ስለዚህ 1,750 ሊትር ገደማ እንበል። ግን ነዳጅ የሚያቃጥለው የአየሩ ክብደት እንጂ ሊትሩ አይደለም። ባሕር ጠረፍ ላይ 1,000 ሊትር አየር 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አዲስ አበባ ላይ 0.9 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ ያው ሞተር በዚያው ዙር ጅቡቲ ወደብ ላይ በደቂቃ ከ2 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ አየር ሲያገኝ፣ አዲስ አበባ ላይ 1.6 ኪሎ ያህል ብቻ ያገኛል።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ የቁም ሒሳብ አለ። የቤንዚን ሞተር 100 ፈረስ ጉልበት ለመስጠት በደቂቃ 4.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በዚህ ሒሳብ የኛ ሞተር ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተረግጦ 6,000 ዙር ሲደርስ ባሕር ጠረፍ ላይ 90 ፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ላይ 70 ገደማ። ሃያው የት ሄደ? ሞተሩ አልታመመም፣ ካንዴላውም ደህና ነው። አየሩ ነው የሳሳው።

(የሞተር ድምፅ፤ በዝቅተኛ ዙር ዳገት የሚወጣ መኪና)

አቅራቢ፦ ይህን የመሰለ ድምፅ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። አምስት ሰው ጭና በሁለተኛ ማርሽ ወደ እንጦጦ የምትወጣ ትንሽ መኪና ናት። አሁን እጠይቃችኋለሁ፦ እዚህ ዳገት ላይ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ ነው? 6,000 ላይ ነው? አይደለም። በከተማ የሚነዳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 3,500 ባለው ውስጥ ነው የሚቆየው። 6,000ን በወር አንዴ ቢያየው ነው፤ ጨርሶ የማያየውም አለ። ታዲያ ቱርቦ ስንመርጥ ለየትኛው ዙር ነው የምንመርጠው?

ነገሩን በውሃ ወፍጮ እንመልከተው። የወፍጮው አሸንዳ ጠባብ ከሆነ በበጋ የሚወርደው ጥቂት ውሃም በኃይል ስለሚመታ ድንጋዩ ይዞራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ውሃው አሸንዳውን ሞልቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። አሸንዳው ሰፊ ከሆነ ደግሞ ክረምቱን እንዳሻው ይፈጫል፣ በጋውን ግን ውሃው ተንጣልሎ ያልፋል እንጂ ድንጋዩን አያንቀሳቅስም። የተርባይኑ ቤትም እንዲሁ ነው። ጠባብ ሲሆን በዝቅተኛ ዙር በሚወጣው ጥቂት ጭስ ቶሎ ይነሳል፤ በከፍተኛ ዙር ግን ጭሱን ያፍነዋል። ሰፊ ሲሆን ከላይ ይተነፍሳል፣ ከታች ይተኛል። ነዳጅ ረግጠን መኪናው «ቆይ ልምጣ» የሚለን ያኔ ነው።

ማስረጃ ካስፈለገ የመኪና ታሪክ ውስጥ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን የሚቀመጡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ቢኤምደብሊው 2002 ቱርቦ የተባለውን መኪና አወጣ። ሞተሩ 2 ሊትር፣ ጉልበቱ 170 ፈረስ። ለዘመኑ አስደናቂ ነበር፤ ነገር ግን ቱርቦው በቅጡ የሚነሳው ወደ 4,000 ዙር ሲጠጋ ነው። እስከዚያ ምንም የለም፣ ከዚያ በኋላ ድንገት ሁሉም ይመጣል። የተሠራው 1,672 ብቻ ነው። በእርግጥ በዚያው ዓመት የነዳጅ ቀውስ መጥቶበታል፤ የቀረው በቱርቦው መዘግየት ብቻ ነው ብል ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የስዊድኑ ሳብ እንዲሁ በ2 ሊትር ሞተር 99 ቱርቦን ለገበያ አቀረበ። ጉልበቱ 145 ፈረስ ብቻ ነው፣ ከቢኤምደብሊው በ25 ያንሳል። ግን መሐንዲሶቹ አነስ ያለ ቱርቦ መርጠው፣ ከላይ እንዳይታፈን ትርፍ ጭሱን በጎን የሚያሳልፍ ዌስትጌት የሚባል በር አደረጉለት። ሞተሩ ከፍተኛውን የመጎተት አቅሙን 3,000 ዙር ላይ አገኘው። ሰው የሚነዳው እዚያ ነዋ! ሳብ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስሙ የተያያዘው ከቱርቦ ጋር ነው።

ዛሬም ፋብሪካዎች የሚሄዱበት መንገድ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ የወጣውን የፎርድ ባለ 1 ሊትር ኢኮቡስት ሞተር ውሰዱ። ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው። ቱርቦው ትንሽዬ ሆኖ በደቂቃ ከ200,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ከፍተኛውን የመጎተት አቅም ከ1,400 ዙር ጀምሮ እስከ 4,500 ድረስ ሳይቀንስ ይሰጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስታውሱልኝ፤ የሰው ውሎ ያለው በመካከላቸው ነው።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

አቅራቢ፦ እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። «ትልቁን ብገጥም ምን ችግር አለው? ዛሬ በትንሽ ግፊት እነዳዋለሁ፣ ነገ ሞተሩን ሳሻሽል ያገለግለኛል» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ሐሳቡ ቁጠባ ይመስላል። ችግሩ ግን የኮምፕረሰር ጠባይ ነው። ኮምፕረሰር በጥሩ ሁኔታ የሚሠራበት የአየር መጠን ወሰን አለው። አየሩ ከታችኛው ወሰን ካነሰ፣ የተጨመቀው አየር ወደፊት መሄድ አቅቶት መልሶ ወደ ኮምፕረሰሩ ይመታል። እየተንቀጠቀጠ እንደሚያስነጥስ ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ ይህ ሲደጋገም ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል። ለ2.5 ሊትር የተሠራ ኮምፕረሰር በ1.3 ሊትር ሞተር ላይ ሲገጠም አብዛኛውን ጊዜ ወይ ተኝቶ ነው፣ ወይ እዚያ ወሰን አጠገብ ነው። ለነገ የተገዛ ቱርቦ ዛሬን ይበላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል። «እንዲያ ከሆነ ያገኘሁትን ትንሹን ልግጠማ!» ይላል። ቆይ! አሁን ነው ከፍታው የሚመጣው።

ቱርቦ ከመጀመሪያውም ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በጭስ የሚሠራውን መጭመቂያ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ከ4,300 ሜትር በላይ ወደሆነው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አውጥቶ በቱርቦ ሞከረው። የፈለገው በቀጭን አየር የሚጠፋውን ጉልበት መመለስ ነበር፤ ተሳካለትም። ስለዚህ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ ተቀምጠን ስለ ቱርቦ ስናወራ የሰው ነገር አልተዋስንም።

ግን ከፍታ የቱርቦውን ሥራ ያከብደዋል። እንዴት? ሞተሩ ውስጥ 1.5 ባር ግፊት ይኑር እንበል። ባሕር ጠረፍ ላይ የአካባቢው አየር ራሱ 1 ባር ስለሆነ፣ ኮምፕረሰሩ አንድ ተኩል እጥፍ ቢጨምቅ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ የአካባቢው አየር 0.77 ባር ገደማ ነው። እዚያው 1.5 ለመድረስ ሁለት እጥፍ ሊጨምቅ ነው። እንጦጦ ላይ ከሁለት እጥፍም ያልፋል። አያችሁ? ሞተሩ የሚያገኘው አንድ ዓይነት ነው፤ ቱርቦው የሚለፋው ግን የተለያየ። ትንሹ ቱርቦ ባሕር ጠረፍ ላይ ሳይቸገር የሚሠራውን እዚህ ከዙር ገደቡ አልፎ እየጮኸ ነው የሚሠራው።

ከአቅሙ በላይ የሚሮጥ ኮምፕረሰር ደግሞ አየሩን ከመጭመቅ ይልቅ ወደ ማሞቅ ይሄዳል። በ20 ዲግሪ የገባ አየር ሁለት እጥፍ ሲጨመቅ፣ ልኩ በሆነ ኮምፕረሰር 110 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ይህ ራሱ ከፈላ ውሃ ይበልጣል። ልኩ ባልሆነው ደግሞ 135 ሊያልፍ ይችላል። የሞቀ አየር ይሳሳል፣ ስለዚህ የጨመቅነውን መልሰን እናጣለን። ከዚያም የባሰው፣ ቤንዚኑ ካንዴላው እሳት ከመስጠቱ በፊት ወይም ከሰጠ በኋላ ባልተፈለገ ቦታ በራሱ ይነሳና ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ፒስተን የሚበሳው፣ ጓርኒሲዮን የሚቃጠለው በዚህ ነው።

እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁ ጥያቄ ጋ ደረስን። ከፍታ ሁለቱን ወገን በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታቸዋል። በዝቅተኛ ዙር ሞተሩ የሚያገኘው አየር ስለሳሳ የሚወጣውም ጭስ ያንሳል፤ ስለዚህ የጭሱ ወገን፣ ተርባይኑ፣ ጠበብ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ኮምፕረሰሩ ግን ብዙ እጥፍ መጨመቅና ብዙ ሊትር ቀጭን አየር ማሳለፍ ስላለበት፣ ለዚያው ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚመረጠው ከፍ ያለ አቅም ይፈልጋል። ልድገመው፦ በደጋ፣ ጭሱ ወገን ጠበብ፣ አየሩ ወገን ጥቂት ሰፋ። ጥቂት ነው ያልኩት፤ ሁለቱ እጅግ ከተራራቁ ትንሹ ተርባይን ትልቁን ኮምፕረሰር መግፋት ያቅተዋል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ «ለ1.3 ሊትር ይህን ግዛ» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ለቆላ የተሰላ መሆኑን አትርሱ።

(የሙዚቃ ድልድይ)

አቅራቢ፦ ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፦ «ፋብሪካው ያለ ቱርቦ የሠራውን ሞተር በቱርቦ ማስጨነቅ መግደል አይደለም ወይ?» እውነት አለው። ተጨማሪ ግፊት ፒስተኑንም ቢየላውንም ያስጨንቃል። ነገር ግን አንድ ልዩነት እንለይ። ፋብሪካው ሞተሩን የሠራው ባሕር ጠረፍ ላይ የሚያገኘውን አየር እንዲችል አድርጎ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ ከዚያ ሩብ ያህል ባነሰ ነው የሚኖረው። በቱርቦ 0.3 ባር ያህል ብቻ ብንጨምርለት 1.07 ባር ገደማ ይደርሳል፤ ፋብሪካው ካሰበው ብዙም አልራቀም። የጠፋውን መመለስ እንጂ አዲስ ሸክም መጫን አይደለም። የአውሮፕላን ባለሙያዎች ከድሮ ጀምሮ ይህን ዘዴ ይጠቀሙበታል። የአየሩ ሙቀት ስለሚጨምር ቅዝቃዜና የነዳጅ ማስተካከያ ግን የግድ ነው። የኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ለትንሽ የከተማ መኪና ከዚህ ያለፈ ግፊት መመኘት በሌላ ሞተር መጀመር ያለበት ምኞት ነው።

ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ተራው ዌስትጌት የሚከፈተው በስፕሪንግ ነው፤ ስፕሪንጉም ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው የሚያውቀው። ከፍታን አያውቅም። መኪናዋ አዲስ አበባ ላይ 0.3 ባር ላይ ተስተካክላ ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ወደ አፋር ቆላ ስትወርድ፣ ጌጁ አሁንም 0.3 ያሳያል። ሹፌሩ ምንም የተለወጠ አይመስለውም። የአካባቢው አየር ግን ከ0.77 ወደ 1 እየተጠጋ ስለሆነ፣ ሞተሩ የሚያገኘው ወደ 1.3 ይሄዳል፤ ያውም በሙቀቱ አገር። ሞተሩ አዲስ አበባ ላይ ዓመት ሠርቶ በአንድ የጅቡቲ ጉዞ ቢያንኳኳ ሊደንቀን አይገባም። መድኃኒቱ ጠቅላላውን ግፊት የሚያነብ ሴንሰርና ዌስትጌቱን በእሱ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው። ያ ከሌለ፣ ቆላ ሲወርዱ ነዳጅ ቀስ አድርጎ መርገጥ ነው።

«ክንፋቸው የሚንቀሳቀስ ዘመናዊ ቱርቦዎች መጥተው የለም ወይ? ለምን ስለ ልክ እንጨነቃለን?» የሚልም ይኖራል። እውነት ነው፣ አሸንዳውን በየዙሩ የሚያጠብና የሚያሰፋ ቱርቦ አለ፤ የናፍጣ መኪኖች ላይ ተስፋፍቷል። የቤንዚን ጭስ ግን እጅግ ስለሚሞቅ፣ ወደ 1,000 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል፣ ስስ የሆኑትን ክንፎች የሚችል ብረት ውድ ነው። ፖርሽ 911 ቱርቦው ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 አድርጎታል፤ የፖርሽን ዋጋ ታውቃላችሁ።

የዋጋ ነገር ደግሞ ያገለገለ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ያደርሰናል። በርካሽ የሚገኘው ያገለገለ ቱርቦ ከናፍጣ መኪና የወረደ ሊሆን ይችላል። የናፍጣ ጭስ ከቤንዚኑ ስለሚቀዘቅዝ፣ ተርባይኑ የተሠራበት ብረት ለቤንዚን ሙቀት ላይሆን ይችላል። መጠኑ ቢስማማ እንኳ ይህን ጠይቁ። ከዚያ በእጃችሁ ፈትሹት። የኮምፕረሰሩን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት፤ ጥቂት ቢንቀሳቀስ አትደንግጡ፣ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ስለሆነ ያ ክፍተት የተፈጠረለት ነው። ክንፉ የቤቱን ግድግዳ ከነካ ግን አስቀምጡት። ቀጥሎ ወደፊትና ወደኋላ ግፉትና ሳቡት፤ በዚህ በኩል የሚሰማ መንገጫገጭ ሊኖር አይገባም። የክንፎቹን ጫፍ በብርሃን እዩ፤ የተላጨ ወይም የተጎነደለ ካለ አሸዋ ወይም ፍርስራሽ በልቶታል። በመጨረሻ የኮምፕረሰሩን አፍ በካሊፐር ለኩና ስያሜውን ከላዩ ካለው ሰሌዳ አንብቡ፤ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ፣ ለየትኛው ሞተርና ለስንት ሊትር ከየትኛው መኪና እንደወረደ ይንገራችሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የተጨመቀውን አየር ስለሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር እንነጋገራለን። እስከዚያው ሞተራችሁ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በስንት ዙር እንደምትነዱና ከየት እስከ የት እንደምትመላለሱ ጽፋችሁ ላኩልን፤ ሒሳቡን እዚሁ አብረን እንሠራዋለን። ደህና ሰንብቱ።

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ፍጻሜ)